አግድምና ቁልቁል

መጽሔቱ ሐሙስ ጠዋት ይመጣል። አዟሪው በመስታወቱ በር ስር አሹልኮት ያልፋል፤ እሷም ከወለሉ አንስታ አቧራውን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ ታደርግና በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ትገልጣለች። የዘፋኞቹን ትዳር፣ የኮከብ ቆጠራውንና የውበት ምክሩን ሕመምተኞቹ ወረፋ ሲጠብቁ ያንብቡት። የኋለኛው ገጽ ግን የእሷ ነው። ጥቁርና ነጭ ሠንጠረዥ፣ ከስሩ ሁለት ረድፍ ፍንጭ፤ አንዱ አግድም፣ አንዱ ቁልቁል።

ሥራዋ በታላቅ ወንድሟ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበል ነው። ካርድ ታወጣለች፣ ወረፋ ትይዛለች፣ የሚፈራውን ታባብላለች፣ የሚጮኸውን ዝም ታሰኛለች። ከውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ ሲጀምር በመጠበቂያው ክፍል ያለ ሰው ሁሉ አገጩን ይይዛል፤ እሷ ብቻ እስክሪብቶዋን ትይዛለች።

ወንድሟ አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጋት ሰው ነው። ጠጉሯ መሸበት ቢጀምርም ዛሬም «ሚጣ» ይላታል፤ እሷም «ጋሼ» ትለዋለች። እሱ አላገባም፤ እሷም አላገባችም። ከክሊኒኩ በላይ ባለው ቤት ሁለቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። እራት ላይ ስለ ነገ ቀጠሮዎች ያወራሉ፤ ከዚያ እሱ ዜና ያያል፣ እሷ ሳህን ታጥባለች። የሚያውቋቸው ሁሉ «እንዴት የሚዋደዱ እህትና ወንድም ናቸው!» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይዋደዳሉ። ሆኖም ሳህኑ ታጥቦ ሲያልቅ እጇን እያደረቀች መስኮቱ ጋ የምትቆምበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ በዓለም ላይ ማንም የሌላት ይመስላታል።

የሐሙሱን ጨዋታ ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ላስረዳ። የዚህ መጽሔት ፍንጭ እንደ ሌሎቹ «ረጅሙ ወንዝ ማን ይባላል?» ብሎ በጨዋ ደንብ አይጠይቅም፤ ያሾፋል። «በር አለው እንጂ አይከፈትም፤ ይቀመጡበታል» ይላል። ላልለመደው የእብድ ወሬ ነው። ለለመደው ግን ወንበር ነው፤ ስሙ ውስጥ «በር» አለ፣ ሰውም ይቀመጥበታል። «ማሳው ሲገለበጥ ይለበልባል» ካለ ደግሞ ማሳን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ነው፤ ሳማ ይወጣል። እንዲህ ያለው ነገር ድንገት ሲበራላት ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ ይላታል። ደስታ ነው። ክፋቱ፣ የዚህ ዓይነት ደስታ ለብቻ አይበላም። ሰው ይፈልጋል፤ ዞር ብለው «አየኸው?» የሚሉት ሰው።

ድሮ ነበራት።

* * *

ጥርስ ሠሪው የሚሠራው ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር። ሐኪሙ ወንድሟ የነቀለውን እሱ ይተካል። ጀሶ ያቦካል፣ በሰም ጥርስ ይቀርጻል፣ ለከበርቴዎቹ ወርቅ አቅልጦ ያፈሳል። በእሷና በእሱ መካከል ዕቃ የሚቀባበሉባት ትንሽ መስኮት ነበረች።

መጀመሪያ ያነጋገራት በአንድ ቃል ነው። «ልጅ ወደ ኋላ ሲሄድ ሞኝ ይሆናል» የሚል ፍንጭ ይዛ ጭንቅላቷን ስታክ፣ ከመስኮቷ ውስጥ የወንድ ድምፅ፦

«ጅል።»

ዞር አለች። «ማነው ጅል?»

«ኧረ እርስዎን አይደለም!» ጥርስ ሠሪው እስከ ጆሮው ቀላ። «ልጅ የሚለውን ሲገለብጡት ማለቴ ነው። ቁልቁል ሁለተኛው።»

ጻፈችው። ልክ ገባ። ከዚያ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ አንድ አገጩ ያበጠ ሰውዬ ከመጠበቂያው ክፍል በቁጣ ተመለከታቸው።

ከዚያ በኋላ ሳይነጋገሩ ተከፋፈሉት። ጠዋት አግድሙን እሷ ትሞላና በመስኮቷ ታቀብለዋለች፤ ከሰዓት ቁልቁሉን እሱ ይሞላና ይመልስላታል። የገጹ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የአውራ ጣቱ ነጭ የጀሶ አሻራ ይኖራል። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ»ና «አንተ» መጣ፤ ያም ቀርቶ «አግድም»ና «ቁልቁል» ተባባሉ። «አግድም፣ ዛሬ ፊትሽ ልክ አይደለም።» «ቁልቁል፣ ምሳህን በልተሃል?» ይሄ ለእነሱ ፍቅር ነበር፤ ግን ፍቅር ነው ብሎ የጠራው አልነበረም።

አንዳንዴ የራሱን ፍንጭ ፈጥሮ በመስኮቷ ይወረውርላታል።

«ማታ ዞሮ ቢመጣ ስሙ ጠፋ!»

«ታማ!» ብላ ትጮሃለች፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ቀና ይላል። በእርግጥም ያን ጊዜ ታምተው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ አንዱን ፍንጭ አንብባ «ይሄማ ሰምና ወርቅ ነው» ስትለው፣ በሰም የተቀረጸ መንጋጋ በእጁ እንደያዘ ብቅ አለና፣ «ሰምና ወርቅን ለኔ ተይልኝ። ጠዋት ሰሙን አቀልጣለሁ፣ ከሰዓት ወርቁን አፈሳለሁ፤ መጨረሻ ላይ ያው ጥርስ ነው የሚወጣው» አላት። ለሳምንት ሙሉ ትዝ እያላት ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ሠንጠረዡ ሞልቶ አንዲት ቃል ብቻ ስትቀር፣ እዚያ የደረሰው ሰው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ያቺን የመጨረሻዋን ሌላው ይሞላታል። የመጨረሻዋን ቃል የመሙላት ደስታ ከሁሉም ይበልጣልና ደስታውን ለሌላው መተው ነው፤ ጨዋነት ነው። አንዳንዴ ጨዋነቱ ያልፍና «አይሆንም፣ አንቺ ሙያት»፣ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ» ሲባባሉ መጽሔቱ በመስኮቷ ሲመላለስ ይውላል። መልሱ ጠፍቷቸው አልነበረም፤ ሁለቱም ጠንቅቀው ያውቁታል።

ይህን ጉድ በደንብ የታዘበ አንድ ሰው ነበር። ወንድሟ አንድ ቀን እራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ፣

«ሚጣ፣ አንዷን ለምንድነው ሁሌ የምትተያት?» አላት።

«ለሱ ነው።»

«እሱስ?»

«እሱም ለኔ ይተዋታል።»

«ታዲያ ሁለታችሁም ከተዋችኋት ማን ሊሞላት ነው?» ብሎ ከልቡ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች፤ የነገሩ ክብደት ያን ቀን አልታያትም።

* * *

ወንድሟ ጥርስ ሠሪውን አይጠላውም። «እጁ ወርቅ ነው» ይላል። ከዚያ ግን «የኋላ ክፍል ሰው ነው» ብሎ ይጨምራል፤ ቀና ብሎም ከጠረጴዛዋ በላይ የተሰቀለውን የአባታቸውን ፎቶ ያያል። አባታቸው ስመ ጥር ሐኪም ነበሩ። እሷ እስከምታውቀው፣ የስመ ጥር ሐኪም ልጅ ጀሶ የሚያቦካ ሰው ታገባለች ወይ ብሎ በግልጽ የጠየቀም፣ በግልጽ የከለከለም የለም። በዚያ ቤት ትልልቅ ነገር አይነገርም፤ ዝም ተብሎ ይታወቃል።

ካቻምና ክረምት ሊገባ ሲል ጥርስ ሠሪው ሩቅ ከተማ የራሱን ወርክሾፕ ለመክፈት መወሰኑን ነገራት። የነገራት በመስኮቷ ነው፤ ዓይኗን ሳያይ፣ ሰም እየጠረበ። «ደስ ይላል» አለች። እሱም «አዎ፣ ደስ ይላል» አለ፤ ሁለቱም ደስ አላላቸውም።

የሄደ ቀን ሐሙስ ነበር። ሠንጠረዡን እንደ ወትሮው ሞሉት፤ አንዲት የቁልቁል ቃል ቀረች። ፍንጯ «ፊተኛውን ያጣ ፍቅር ምን ይቀረዋል?» ትላለች። ፍቅር ከሚለው የመጀመሪያዋን ፊደል ሲነሱት ቅር ይቀራል። እሷ ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል። መጽሔቱን በመስኮቷ አቀበላት፤ እሷም ቀስ አድርጋ ወደሱ ገፋችው። አልነካውም።

ሻንጣውን አንስቶ እስከ መስታወቱ በር ሄደ። እዚያ ቆመ። ዞረና አያት። ቆሞ ቀረ። ዝናቡ መንገዱን ይደበድባል፤ እሱ ዝም፣ እሷ ዝም። «አሁን ይናገራል» አለች በሆዷ። «የሚሄደው እሱ ነው፤ ቃሉም የሱ ነው። አልቅደመው፤ ይናገር።» እሱ ግን እሷን እሷን እያየ ቆሞ ቆሞ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና በሩን ከፍቶ ወጣ። መስታወቱ ላይ ያረፈ እስትንፋሱ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

«አይወደኝም ማለት ነው» አለች ለራሷ። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ይታወቀዋል፤ እሷ ግን አመነችው።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ሁለቱንም ረድፍ ለብቻዋ ትሞላለች። መጀመሪያ ሰሞን ቁልቁሉን መሙላት የሰው ልብስ እንደ መልበስ ሆኖባት ነበር። አንድ ጊዜ «ልብ ዞሮ ቢመለስ ልብስ ይበላል» የሚል ፍንጭ መጣ። ልብን ገለበጠችው፤ ብል ሆነ፤ ልብስ የሚበላው ብል! ከት ብላ ሳቀችና «አየኸው?» ልትል ወደ መስኮቷ ዞረች። መስኮቷ ጨለማ ናት፤ በስተጀርባዋ የተቆለፈ ክፍል። ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ካርድ የምታወጣ መስላ መሳቢያውን ከፍታ ፊቷን ደበቀች።

ያም ሆኖ ሕጉን አላፈረሰችም። የመጨረሻዋን ቃል ሁልጊዜ ባዶ ትተዋለች።

አንዳንዴ ባዶዋን እትዬ ሙላ ይሞሏታል። እትዬ ሙላ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ልክ ሆኖላቸው እንኳ «ቆረቆረኝ» እያሉ ለወሬ ብቻ የሚመላለሱ ባልቴት ናቸው። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው፣ ትርጉም ሰጠም አልሰጠም ባዶ ቦታ ሁሉ ላይ ፊደል ስለሚደረድሩ ነው። «አፍ ይቀድመዋል፤ ፊት ላይ ግን ከአፍ በላይ ነው» ለሚለው አፍንጫ ብሎ መጻፍ ሲገባ «ጥርሴን» ብለው ሞልተዋል። «አራት ፊደል አይደል የጠየቀው? አራት ሰጠሁት» ይላሉ። «እኔ ባዶ ነገር አልወድም፣ የኔ ልጅ።»

* * *

ታሪካችን የሚደርሰው ያለፈው ሐሙስ ላይ ነው። ቁርስ ላይ ወንድሟ ዳቦውን እየቆረሰ፣ እንደ ቀላል ነገር፣

«ያ ጥርስ ሠሪ የቀረ ዕቃውን ሊወስድ ዛሬ ይመጣል። የክፍሉን ቁልፍ አዘጋጂለት» አላት። «ከእንግዲህ ክፍሉ ለመጋዘን ይሆነናል።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ሻይዋን ስኳር ሳትጨምር ጠጣችው፤ ያወቀችው ከጨረሰች በኋላ ነው።

ሠንጠረዡን ሞላችው። የመጨረሻዋ ፍንጭ «ሆዱ ውስጥ ቅር አለ፤ ግን ያስታርቃል» የምትል ነበረች። አራት ፊደል። አንብባ ሳትጨርስ ገባት። ይቅርታ። መሃሉ ላይ ቅር ተቀምጧል። «ይሄ አዘጋጅ ደግሞ ቅር ቅር ማለት ይወዳል» ብላ አጉረመረመችና እንደ ልማዷ ባዶ ትታት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተና ጥርስ ሠሪው ገባ። ከስቷል። መነጽር አድርጓል። መጠበቂያው ክፍል ሞልቶ ነበር፤ እትዬ ሙላም ጥጋቸውን ይዘዋል።

«እንደምን ሰነበቱ?» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

እርስዎ! ያ ሁሉ አንተና አንቺ፣ ያ ሁሉ አግድምና ቁልቁል፣ በሁለት ክረምት ወደ «እርስዎ» ተመለሰ። ቁልፉን አንስታ ቀድማው ሄደች፤ ፊቷን እንዳያይባት።

ክፍሉ አቧራ ጠጥቷል። ማቅለጫው፣ መሞረጃው፣ መደርደሪያው ላይ የቀሩት የጀሶ መንጋጋዎች ሁሉ እንደ ነበሩ ናቸው። አንድ ካርቶን መሬት ላይ አስቀምጦ ተንበረከከ፤ ከቦርሳው የቆዩ ገጾች አውጥቶ መንጋጋዎቹን አንድ በአንድ ይጠቀልል ጀመር። በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። «ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት» ብላ መሄድ ነበረባት። እግሯ እምቢ አላት።

ከዚያ ገጾቹን አየች። ጥቁርና ነጭ ሠንጠረዥ። ጥግ ላይ ነጭ የአውራ ጣት አሻራ። ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች። አግድሙም ቁልቁሉም በሱ እጅ ጽሕፈት ተሞልቷል፤ አንዲት ቃል ብቻ ባዶ ናት።

«ይሄን አልጨረስከውም» አለች። «እርስዎ» ማለት ረሳች።

ቀና አላለም። «እሷ ያንቺ ናት።»

ሌላ ገጽ አነሳች። እዚያም አንዲት ባዶ። «ይሄስ?»

«ያንቺ።»

«ይሄስ?»

«ሁሉም ያንቺ ናቸው፣ አግድም።»

እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች። ገጾቹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻቸው። እሷ እዚህ ባዶ ስትተው፣ እሱ እዚያ፣ በማታውቀው ከተማ፣ በማታውቀው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ሲተው ኖሯል። በአንድ ሐሙስ፣ በአንድ መጽሔት ላይ፣ ሁለት ሰዎች አንዳቸው ለሌላቸው ቦታ ለቀው ሲጠባበቁ ኖረዋል። ማንም ሳይሞላው! እንባዋ ሠንጠረዡ ላይ ጠብ ብሎ ቀለሙን አደበዘዘው። እሱ መሃረብ ፈልጎ ኪሱን ዳበሰ፤ የወጣው የሰም ቁራጭ ብቻ ነው።

«ሚጣ!» የወንድሟ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። «የሚቀጥለውን አስገቢልኝ እንጂ!»

ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች። የሚቀጥለውን አስገባች። እጇ የሚሠራውን ልቧ አያውቀውም ነበር።

* * *

ካርቶኑን ታቅፎ ወጣ። በመጠበቂያው ክፍል መሃል አልፎ መስታወቱ በር ጋ ደረሰ። እዚያ ቆመ። ዞረና አያት።

ዝም አለ።

ይሄን ዝምታ ታውቀዋለች። ካቻምና በዝናቡ ቀን እዚያው ቦታ ላይ አይታው፣ «አይወደኝም» ብላ የተረጎመችው ዝምታ ነው። ዛሬ ግን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ካየቻቸው ባዶ ቦታዎች ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ታያት። ይሄ ሰው የሚለው አጥቶ አይደለም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነው የቆመው። ቃሏን ለሷ ትቶ ነው የቆመው። ያን ቀንም እንደዚሁ ነበር! እሷ ደግሞ በጨዋነት መልሳ ወደሱ ገፍታታለች።

አገጩን የያዘ ሰው ሁሉ እያየ፣ አባቷ ከግድግዳው እያዩ፣ ከጠረጴዛዋ ኋላ ወጣች።

«ቁልቁል» አለች። «የመጨረሻዋን እኔ ልሙላት። እወድሃለሁ። ድሮም እወድህ ነበር፤ ያን ቀንም እዚችው ላይ ቆሜ እወድህ ነበር። ካሁን በኋላ ብቻህን አትሂድ። ከሄድክ አብረን ነው።»

ጥርስ ሠሪው ካርቶኑን እንደታቀፈ ደርቆ ቀረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይወጣም።

«በል እንጂ፣ ተናገር!» አሉ እትዬ ሙላ ከጥጋቸው። «እኔ ባዶ ነገር አልወድም!»

ካርቶኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ። እያለቀሰ ነበር፤ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ እንደሚያደርገው፣ እንዳያስታውቅበት እየሳቀ።

«ሁለት ክረምት» አለ፤ «ሁለት ክረምት ሙሉ ይቺን ቃል ስጠብቅ።»

«ለምን አንተ አልተናገርክም?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ ከትከሻዋ በላይ አለፈ። ዞር አለች። ወንድሟ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ፣ ጓንቱን እንዳጠለቀ፣ የሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆሟል።

«ቃል ገብቼ ነበር» አለ ጥርስ ሠሪው፤ አነጋገሩ ውስጥ ቁጣ የለም። «ከመሄዴ በፊት አንቺን ለማግባት ዶክተርን ጠይቄያቸው ነበር። ‹እሷ ራሷ በአፏ ከተናገረች አልከለክልም፤ አንተ ግን አፍ አውጥተህ እንዳትጠይቃት፣ እንዳትጎተጉታት› አሉኝ። እኔም ልክ ነው አልኩ። አንቺ ፈልገሽው እንጂ እኔ አስገድጄሽ እንዲሆን አልፈለግኩም።»

ወደ ወንድሟ ሄደች። በሕይወቷ እንዲህ ተጠግታ፣ እንዲህ ቀጥ ብላ አይታው አታውቅም።

«ጋሼ፣ ታውቅ ነበር አይደል?»

«ምኑን?»

«እንደማልናገር። የመጨረሻዋን ሁሌ ለሰው እንደምተው። እራት ላይ ስቀህብኛል እኮ! ፈቀድኩ ብለህ እኔ የማላልፍበት በር ፊት አስቀመጥከኝ።»

ወንድሟ ጓንት ያጠለቀ እጁን አየ፤ የአባቱን ፎቶ አየ፤ መሬቱን አየ። ሲናገር ድምፁ የሐኪም ድምፅ አልነበረም።

«እራት ላይ ... ብቻዬን ልቀመጥ ነው?» አለ።

ያን ሁሉ ዘመን የኖረችበትን ብቸኝነት እሱም ከጠረጴዛው ማዶ ሲኖርበት እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባት። ተናዳለች፣ ታዝንለታለች፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ነበሩ። አባትም እናትም የሆናት ሰው ነው። ሁለት ክረምት የሰረቃትም እሱ ነው።

ካፖርቷንና ቦርሳዋን አነሳች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መጽሔት ከነእስክሪብቶው አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«አንዲት ቃል ቀርታለች» አለችው። «ለሌላ ሰው ነበር የምተዋት። ዛሬ ላንተ ነው የተውኳት።»

ከዚያ የካርቶኑን አንድ ጎን ያዘች፤ ጥርስ ሠሪው ሌላውን ያዘ፤ ወጡ።

* * *

አውቶቡስ ማቆሚያው ከመንገዱ ማዶ፣ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ነው። ካርቶኑን መሃላቸው አስቀምጠው ቆሙ። እጅ ለእጅ አልተያያዙም፤ አልለመዱትም። በጣቷ ጫፍ የእጅጌውን ጠርዝ ነካች፤ እሱም እጁን ሳያንቀሳቅስ ተወላት። የናፈቀችው ሁሉ አጠገቧ ቆሞ እያለ ዓይኗ ግን ከመንገዱ ማዶ ነበር።

በመስታወቱ ውስጥ ወንድሟ ይታያታል። ከሕመምተኞቹ ወንበር አንዱ ላይ ተቀምጧል፤ እዚያ ተቀምጦ አይታው አታውቅም። ሠንጠረዡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያፈጥበታል። ወንድሟ በሕይወቱ አንዲት ቃል ሞልቶ አያውቅም፤ «የሥራ ፈት ነገር» ነው የሚለው። በጣቶቹ ፊደል ሲቆጥር አየችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እንደገና ከመጀመሪያው።

እትዬ ሙላ ከጎኑ ጠጋ አሉ። ፍንጩን አነበቡና እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ እስክሪብቶው ሰደዱ። ወንድሟ መዳፉን ሠንጠረዡ ላይ ከደነ። ራሱን ነቀነቀ፤ የሚለው አይሰማም፤ እሷ ግን «አይሆንም፣ የኔ ናት» እንዳለ አወቀች።

ጓንቱን አወለቀ። እስክሪብቶውን አነሳ። የመጀመሪያዋን ፊደል ጽፎ ቆመና ቀና ብሎ በመስታወቱ ወደ መንገዱ ተመለከተ። መንገድ የሳተ ልጅ ይመስል ነበር። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

አውቶቡሱ መጥቶ ከፊታቸው ቆመ። በሩ ተከፈተ። ጥርስ ሠሪው ለካርቶኑ ጎንበስ ብሎ አያት።

«እንሂድ?»

«ገና አልጨረሰም» አለች። «እንጠብቀው።»

አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሄደ። ሁለቱም ማቆሚያው ላይ ቀሩ፤ ወንድሟም ከመንገዱ ማዶ አጎንብሶ ሁለተኛዋን ፊደል መጻፍ ጀመረ።